ሦስት የጥፍር ምልክት

ሌባ ተብዬ አላውቅም ነበር። ቡዳ ተብያለሁ፤ እሱን ከእናቴ ጡት ጋር ነው የጠባሁት። ሸክላ ሠሪ ሆኖ ቡዳ ያልተባለ በእኛ አገር የለም። እንስራ ሊገዛኝ መጥቶ ልጁን ከዓይኔ በነጠላው የሚሸፍን ሰው በየገበያው አያለሁ። ለምጄዋለሁ፤ ዋጋውን ትንሽ ጨመር አድርጌ እሸጥለታለሁ። ሌባ ግን? ኧረ በስመ አብ! እኔ አልታዬ የወደቀ መርፌ ባገኝ ባለቤቱን ፍለጋ ሦስት መንደር የምዞር ሴት ነኝ። እንግዲህ በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት ከደሴ የመጣ ሰዓሊ መካነ ሰላም ገበያ መሀል ቆሞ "ሌባ!" ብሎ ጮኸብኝ። ነገሩን ከሥሩ ካልጀመርኩት አይገባችሁም።

እናቴ በዛች ትባል ነበር። እሷም ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ እስከ ዛሬ የምበላው እሷ ያስተማረችኝን ነው። ስታስተምረኝ በሌላው ሁሉ ታግሳ በሁለት ነገር ብቻ ዱላ ታነሳ ነበር። አንደኛው የምልክት ነገር ነው። ሠሪ ሁሉ ምልክት አለው። እሷ እንስራዋ ሳይደርቅ ሥሩ ላይ በጥፍሯ ሦስት ጊዜ ጫን ታደርግ ነበር። የእኔ አንድ አውራ ጣት ነው። የሌላ ሴት ቅርጽ ከወደድሽ ሥሪው ትለኛለች፤ ነገር ግን ከራስሽ ምልክት ጎን የእሷንም አድርጊበት። "ቅርጹን ወስደሽ ምልክቱን ከተውሽ፣ ሰረቅሽ" ትላለች። ሁለተኛው ደግሞ፣ በሰው ቅርጽ ስትሠሪ የመጀመሪያው ለባለቤቷ ነው። ሳትሸጪው ወስደሽ እጇ ላይ ታስቀምጪላታለሽ። ይሄ የቤታችን ሕግ ነው፤ ሌላ ቤት ይኑር አይኑር አላውቅም። በዚህ ምክንያት እስከ ዛሬ ሸክላ ሳነሳ፣ የራሴም ይሁን የሰው፣ መጀመሪያ ገልብጬ ሥሩን አያለሁ።

እናቴ የግራ እጇ ትንሿ ጣት አልነበረቻትም። እኔ ሳልወለድ እሳት ላይ ጋን ፈንድቶ ወስዷታል። ቤት ውስጥ በአራት ጣት የማትሠራው ሥራ አልነበረም። ገበያ ላይ ግን ሰው ትክ ብሎ ካያት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ክትት ነው። በሰማንያ ዘጠኝ ሞተች። ለቀበሌ መታወቂያ የተነሳቻት አንዲት ፎቶ ነበረች፤ እሷንም አይጥ በላት። ከዚያ ወዲያ የእናቴ መልክ እኔ ራስ ውስጥ ብቻ ቀረ፣ እሱም በየዓመቱ እየደበዘዘ ይሄድብኝ ጀመር። አንድ ጊዜ አገጯን ለማስታወስ ሞክሬ አቃተኝና ተቀምጬ አለቀስኩ።

ከሞተች አሥራ አንድ ዓመት ሲሆናት፣ የጥቃቅንና አነስተኛ ስብሰባ ተብለን ወረዳው አዳራሽ ገባን። ስብሰባውን ታውቁታላችሁ፤ ተናጋሪው "ከዚህ አንጻር" ሲል እንቅልፍ ይመጣል። ዓይኔ እንዳይከደን ግድግዳ ግድግዳውን ሳይ፣ ከበሩ በላይ አንድ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል። የእኛው ገበያ ነው። እህል ተራው፣ በጉ፣ አህያው፣ ሁሉም አለ። ከዳር በኩል አንዲት ሴት እንስራ አዝላ፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ፊቷን ትንሽ ወደ ጎን አድርጋ ቆማለች። እናቴ ናት። እንዴት አወቅሽ ትሉኝ ይሆናል። ታዝዬ ያደግሁበትን ጀርባ አላውቀውም እንዴ? እንስራ ስታዝል ወደ ግራ ዘንበል ትላለች። አንገቷም እሱ ነው፣ አገጯም እሱ ነው፤ እጇንም እንደ ልማዷ ነጠላዋ ውስጥ ከታለች። ሳላስበው "እምዬ!" ብዬ ጮህኩ። ተናጋሪው አስተያየት የምሰጥ መስሎት "እድል እንሰጥሻለን፣ ጠብቂ" አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ስብሰባ አያመልጠኝም። "አልታዬ ነቃች" ተባለልኝ። እኔ ግን እናቴን ላይ ነበር የምሄደው።

አንድ ቀን ጭቃ ሳሽ እጄ ራሱ ሠራት። ቁመቷ የመዳፌን ያህል ነው። እንስራዋን አዝላ፣ ወደ ግራ ዘንበል ብላ፣ ልክ እንደ ሥዕሉ። አንድ ነገር ብቻ ለወጥሁ፤ እጇን ከነጠላው አወጣሁት። የእንስራውን ገመድ በአራት ጣቷ ጨብጣለች። አሁን ደግሞ ከማን ልትደብቅ?

ቀጥሎ የእናቴ ሕግ መጣ። ሴትየዋ እናቴ ብትሆንም ሥዕሉን የሠራው ሌላ ሰው ነው፤ ቆማ ያየኋት በእሱ ቅርጽ ነው። ሥዕሉ ከታች ጥጉ ላይ የተጠማዘዘ ነገር አለው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ የሠሪው ምልክት መሆኑ ግን አይጠፋኝም። አዳራሽ ሄጄ በከሰል መዳፌ ላይ ገለበጥኩትና፣ ቤት ገብቼ በእሾህ ከሥሯ ጫርኩት። አጠገቡ የእኔን አውራ ጣት አሳረፍኩ። የመጀመሪያዋን ተኩሼ በጨርቅ ጠቀለልኳትና፣ ባለቤቱ እስኪመጣ ቆጥ ላይ አስቀመጥኳት። ባለቤቱን ደግሞ ወረዳው ባህል ክፍል የሚሠራውን ፈንታሁንን ጠየቅሁት። ፈንታሁን ሰው የሚያከብር ልጅ ነው።

"ይሄነው የሚባል የዚሁ አገር ሰው ነው፣ እትዬ አልታዬ" አለኝ። "አሁን ደሴ ሥዕል ያስተምራል። ምነው?"

"ከመጣ ንገረኝ፣ የእሱ ነገር እኔ ዘንድ አለ" አልኩት። እሱም እሺ ብሎ ረሳው።

ከዚያ ሌሎቹንም ከነሁለቱ ምልክት ሠራሁ። ጀሪካን ከመጣ ወዲህ እንስራ የሚገዛ ጠፍቷል፤ ትንሿን ሴት ግን ሰው ወደዳት። እናቴ መሆኗን ለሩቂያ ብቻ ነገርኳት። ሩቂያ ገበያ ላይ አጠገቤ በርበሬ የምትሸጥ ጎረቤቴ ናት፤ በመሠረተ ትምህርት ማንበብ ተምራለች፣ ምላሷም እንደ በርበሬዋ ነው። ለሌላው ሰው ዝም አልኩ። ቡዳ ሲሉኝ የኖሩት "ደግሞ እናቷን በገበያ ትሸጣለች" እንዳይሉኝ ፈራሁ። ታዲያ ፈንታሁን መጥቶ አያትና "ይቺማ ደሴ ባዛር መሄድ አለባት!" ብሎ ከሠራኋቸው ስምንቱን ይዞ ሄደ። ገልብጦ ሥሯን አላየም። ወንድ ልጅ መቼ ሸክላ ገልብጦ ያያል?

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ በገበያ ቀን፣ አቧራ የለበሰ ሰውዬ ሸክላዬ ፊት መጥቶ ቆመ። ዕድሜው አርባ ቢሆን ነው። ፈንታሁን ከኋላው ላብ በላብ ሆኖ ይከተላል። ሰውዬው ከቦርሳው ትንሿን ሴት አወጣ።

"ይሄን የሠራሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

ገልብጦ ሥሯን አሳየኝ። "ይሄስ ምንድን ነው?"

"የሥዕሉ ሠሪ ምልክት ነዋ!"

"ስሜ ነው! ይሄነው ይላል! ፊርማዬ ነው!"

እኔ ሞኟ ደስ አለኝ እኮ! እሰይ፣ ባለቤቱ በእግሩ መጣልኝ ብዬ ብድግ አልኩ። "ታዲያ እንኳን መጣህ! ያንተን አስቀምጬልሃለሁ፣ ቤት ነው ያለው" አልኩት።

ሰውዬው እንዳፌዝኩበት ቆጠረው። ፊቱ ቀላ። "ባዛር ላይ ጓደኞቼ 'ይሄነው ደግሞ አሻንጉሊት መሥራት ጀመረ' ብለው ሳቁብኝ። ሥዕሌን መውሰድሽ ሳያንስ በስሜ ትነግጃለሽ? ሌባ!"

የማላውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ ዞሩ።

"አንተ ሰውዬ፣ አላህን ፍራ!" ብላ ሩቂያ ተነሳች። "ይቺ ሴት ማንን እንደሠራች ብታውቅ ኖሮ..."

ጉልበቷን ጨምድጄ አስቀመጥኳት። ሌባ ላለኝ ሰው የእናቴን ስም አልጠራለትም። ሞቼ ነው!

ይሄነው ፍርድ ቤት እሄዳለሁ አለ። ፈንታሁን ለመነው፤ "መጀመሪያ በሽማግሌ ይታይ፣ ጋሼ፣ የአንድ አገር ሰዎች ናችሁ" አለው። በመጨረሻ በማግስቱ ጠዋት ሼህ ሰዲቅ በረንዳ ላይ እንድንቀመጥ ተስማማን። ሼህ ሰዲቅ ቁርአን ሲያስቀሩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ሲጣላ እሳቸው ዘንድ ነው የሚሄደው።

ያን ቀን ማታ የፈራሁት ቅጣቱን አልነበረም። "ሁለተኛ እንዳትሠሪያት" ብባልስ? መልኳ ከራሴ እየጠፋ ከእጄ ላይ ብቻ ነበር የቀረው። ካልሠራኋት እናቴን ሁለተኛ መቅበሬ ነው።

ጠዋት ቤቴ ያሉትን ሠላሳ ሁለቱን በእንቅብ ተሸክሜ፣ የመጀመሪያዋን በጨርቅ እንደተጠቀለለች ብብቴ ውስጥ ይዤ ሄድኩ። ሩቂያ ምስክር ነኝ ብላ ተከተለችኝ።

ሼህ ሰዲቅ ዱዓ አድርገው ሲጨርሱ ሁለታችንንም አዩን። "እኔ በሥዕሉም በምስሉም የለሁበትም" አሉ። "ሁለታችሁም ብትተዉት ደስ ይለኝ ነበር። ስለዚህ ለማንም አላደላም። ተናገር፣ ልጄ።"

ይሄነው ወረቀት አውጥቶ አነበበ። የቅጂ መብት የሚባል አዋጅ አለ። ሥዕል የሣለ ሰው ሥራው እንዲባዛም ሆነ በሌላ መልክ እንዲሠራ መፍቀድና መከልከል የሚችለው እሱ ነው ይላል። በሥዕልና በሸክላ መሀል ልዩነት የለም። ስም ማስመሰል ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። "እኔ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው" አለ። "ስሜ ያለባቸው ይሰበሩ። ሁለተኛ ደግሞ ይሄን ቅርጽ እንዳትሠራ።"

"አልታዬስ?" አሉኝ ሼሁ።

ስለ ምልክቱ አስረዳሁ። እናቴ ያስተማረችኝን፣ እንዳልሰርቅ ብዬ እንዳደረግሁት ነገርኳቸው። ሼሁ ጢማቸውን ይዘው ሰሙኝ። ይሄነውም ሰማ፤ ትንሽ ግራ ገባው፣ ግን አልለዘበም። "ቅን ብትሆንም ሰው የእኔ ሥራ ነው ብሎ ገዝቷል" አለ።

እውነቱን ነው። እኔ ያልሠራሁት እንስራ ላይ አውራ ጣቴን አትሞ የሚሸጥ ባገኝ አንገቱን ነበር የማንቀው።

"ስሙ የእሱ ነው፣ እመልስለታለሁ" አልኩ። "አሁኑኑ እዚሁ እሰብራቸዋለሁ። መሥራቱን ግን አልተውም።"

"ለምን?" አሉ ሼሁ።

"አልተውማ!"

"ምክንያት የሌለው ነገር አይዳኝም፣ አልታዬ።"

ሩቂያ በክርኗ ጎሸመችኝ፤ እኔም መልሼ ጎሸምኳት። እንቅቡን ስቤ አንዷን አነሳሁና ከበረንዳው ድንጋይ ላይ መታኋት። ሁለተኛዋን። ሦስተኛዋን። በሠራሁት እጅ መስበር እንዲህ ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ግን እልህ ይዞኛል። አሥረኛዋን ስመታት አንድ ስባሪ ተንከባሎ ይሄነው እግር ሥር ሄደ። ጎንበስ ብሎ አነሳው።

የእናቴ እጅ ነው። ገመዱን እንደጨበጠች።

አገላብጦ አየው። ሰዓሊ ነው እኮ፣ የእሱን የሆነና ያልሆነውን ያውቃል። "ይሄን እጅ እኔ አልሣልኩትም" አለ። "ሥዕሉ ላይ እጅ የለም። አራት ጣት ነው ደግሞ። ከየት አመጣሽው?"

አሥራ አንደኛዋን አነሳሁ። ሩቂያ ከዚያ በላይ አልቻለችም።

"እናቷ ናት!" አለች። "ወላሂ እናቷ ናት! የሣልካት ሴት በዛች ትባላለች፣ ይቺን የወለደች። ፎቶ የላትም፣ ምን የላትም። ያቺው ያንተ ሥዕል ላይ ያለችው ብቻ ናት የቀረቻት። እንግዲህ ሌባ በላት!"

ይሄነው መቀመጫው ላይ ዝቅ አለ። እጁ ላይ ያለውን እጅ ሲያይ ቆየ። "ሰማንያ ስድስት ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ተማሪ ነበርኩ። እህል ተራ ጥግ ቆሜ ስስላት አየችኝ። እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተችና ጀርባዋን አዞረችብኝ። እኔም እንደዞረች ሣልኳት።"

"ስሟን ጠየቅሃት?" አሉ ሼሁ።

"አልጠየቅሁም።"

"ፈቃዷንስ?"

"ገበያ ላይ የቆመን ሰው... ሕጉ ይሄን..."

"ሕጉን አንብበህልናል፣ ሰምተናል። እኔ የጠየቅሁህ እሷን ጠይቀሃት እንደሆነ ነው።"

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። እኔን ግን ያኔ አመመኝ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ እናቴ ቆማለት የሣላት ይመስለኝ ነበር። "ሸሽታህ እኮ ነው የዞረችው!" አልኩት። "አትየኝ ብላህ ነው! ስትሸሽህ ሣልክና አዳራሽ ሰቀልካት!"

"በቃ፣ ይተዉት እትዬ፣ አይስበሩ" አለኝ። አንቺ ሲለኝ የነበረው እርስዎ አለኝ። "የቀሩትን ይተዉአቸው።"

"ስምህ አለበት። የሰው ስም ቤቴ አይቀመጥም" አልኩና ሠላሳ ሁለቱንም ጨረስኩ። የመጨረሻዋን ስሰብር እያለቀስኩ ነበር፤ ሰው ቢያየኝም አልደበቅሁም።

ከዚያ ብብቴ ውስጥ ያለችውን አወጣሁ። "ይቺ ግን ያንተ ናት። የመጀመሪያዋ ናት፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያንተ ነበረች። በሰው ቅርጽ የሠራ የመጀመሪያውን ለባለቤቱ ይሰጣል፤ ይሄ ነው ሕጋችን።"

"የማን ሕግ?" አለኝ።

"የበዛች።"

ተቀበለኝ። ጨርቁን ገለጥ አድርጎ አያትና መልሶ ሸፈናት።

ሼህ ሰዲቅ ብዙ አላስረዘሙትም። ፈንታሁን ጻፈው፤ አልታዬ ትሠራለች፤ የይሄነውን ስም ሸክላው ላይ አትጽፍም፣ ስትሸጥ ግን ከይሄነው ሥዕል የተነሳ መሆኑን በአፏ ትናገራለች። ይሄነው ፈረመ። እኔ አውራ ጣቴን አሳረፍኩ፤ እሱን እንኳ ማንም አያስተምረኝም። ይሄነው ሚኒባሱ ላይ ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ "የእናትዎ ምልክት ምን ነበር?" አለኝ። ምን ሊያደርግለት ነው ብዬ፣ በጥፍሬ መዳፌን ሦስት ጊዜ ጫን ጫን አድርጌ አሳየሁት። ጭንቅላቱን ነቅንቆ ገባ። ይቅርታ አላለኝም። ድንቄም የተማረ ሰው ብዬ ሰደብኩት፣ ሚኒባሱ ከሄደ በኋላ።

ስባሪውን ለቅሜ ቤት ወሰድኩ። ሸክላ ሠሪ ገል አትጥልም። ገል ተፈጭቶ ካልገባበት አዲስ ጭቃ እሳት አይችልም፣ ይሰነጠቃል። ሠላሳ ሁለቱን ወቅጬ፣ ነፍቼ፣ ካዲሱ ጭቃ ጋር አሸኋቸው። ከዚያ ጭቃ እናቴን እንደገና ሠራኋት። ከሥሯ የእኔን አውራ ጣት ብቻ አደረግሁ። የሆነ ነገር የጎደለ ይመስለኝ ነበር፣ ግን ውል ውል ነው።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ቀን የሚኒባስ ረዳት ገበያ ድረስ መጥቶ "ከደሴ ነው" ብሎ በካርቶን የታሸገ ዝርግ ነገር ሰጠኝ። ሩቂያ ገመዱን በጥርሷ በጠሰችው። ከውስጡ አንድ ወረቀት ወጣ፣ ያረጀ፣ ጠርዙ ቢጫ የሆነ። እኔ ልማዴ ነው፣ መጀመሪያ ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ ሁለት መስመር ጽሑፍ አለ። ከጽሑፉ በታች በጥቁር ቀለም የተነከረ ጥፍር ሦስት ጊዜ አርፏል።

"አንብቢልኝ" አልኳት።

ሩቂያ ጉሮሮዋን ጠራረገች። "'ገበያ ላይ ቆሜ በእርሳስ የሣልኳት የመጀመሪያዋ ይቺ ናት። አሥራ አምስት ዓመት ዘግይቼ ለባለቤቷ አመጣሁ' ይላል።"

ያኔ ነው ወደ ፊቱ የመለስኩት። እናቴ ናት፤ ወረቀቱን ሞልታ፣ ከአዳራሹ ይልቅ በጣም ቀርባ። አገጯ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እጇ ግን ነጠላዋ ውስጥ ነው።

ሰው እያየኝ እንደሆነ አውቃለሁ። አንዲት ገዢ "ይቺ ማን ናት?" አለችኝ። "እናቴ ናት፣ በዛች" አልኩ፤ ገበያው እስኪሰማ ድረስ ጮክ ብዬ። ከዚያ ወረቀቱን መልሼ ገለበጥኩና ጥፍሮቹ ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። ትልልቅ ናቸው፣ የወንድ ጥፍር። የእናቴ ቀጭን ነበር። አላወቀበትም፤ አንዷንም አጣሟታል። ቢሆንም ሦስት ናቸው።